ጎማው ሲዞር ሞተሩም ይዞራል፦ ኃይል ያጣ የኤሌክትሪክ መኪና እንዴት ይነሣል?

እንደሚታወቀው በሀገራችን መንገድ ላይ መኪና ሲቆም ሁለት የቆዩ መፍትሔዎች አሉ፤ አንደኛው ሰው ሰብስቦ በግፊ ማስነሣት፣ ሁለተኛው በአላፊ ኢሱዙ ኋላ በገመድ አስሮ እስከ ጋራዥ መጎተት ነው። እነዚህ ልማዶች ለናፍጣና ለቤንዚን መኪኖች ብዙ ዘመን አገልግለዋል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ ነው። ለእነዚህ መኪኖች በግፊ ማስነሣት ከንቱ ድካም፣ በገመድ መጎተት ደግሞ አደጋ ነው። ምክንያቱን በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን።

አስቀድመን ኃይል የሚያልቅበትን ሁኔታ እንመርምር። ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በ350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ትገኛለች። በመካከሉ የዓባይ በረሃ አለ። ከድልድዩ ተነሥቶ ደጀን ለመድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ መውጣት ግድ ነው። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ከፍ ለማለት 2,000 × 9.8 × 1,000 = 19.6 ሚሊዮን ጁል፣ ማለትም 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልገዋል። ይህ በሜዳ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ሲወረድ ሞተሩ ወደ ባትሪው የሚመልሰው ኃይል ቢኖርም ከፊሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በሜዳ ርቀት ብቻ የሠራ አሽከርካሪ ደምበጫ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል።

መኪናው ቆመ እንበል። ታዲያ ስለምን አይጎተትም? በነዳጅ መኪና ካምቢዮው «ፍሪ» ሲሆን ጎማውና ሞተሩ ይለያያሉ። በአብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ፍሪሲዮን የለም፤ ሞተሩ በማይለያዩ ጥርሶች ከጎማው ጋር ዘወትር እንደተያያዘ ነው። እዚህ ላይ «ፍሪ» የሚያቋርጠው ኮረንቲውን እንጂ ጥርሱን አይደለም። መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ቢጎተት፣ የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር፣ የጥርሶቹም ንጽጽር 10 ለ 1 ቢሆን፣ ሞተሩ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው።

በብዙዎቹ ሞተሮች ውስጥ ቋሚ ማግኔት አለ። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በሽቦ ጥቅል አጠገብ የሚንቀሳቀስ ማግኔት ቮልቴጅ ይፈጥራል። ስለዚህ የሚጎተተው መኪና ሞተር ሳንወድ ዲናሞ ሆነ ማለት ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ቮልቴጁም እጥፍ ይሆናል። የሚቀበለውና የሚቆጣጠረው ክፍል በማይሠራበት ጊዜ የሚፈጠረው ኮረንቲ መሣሪያዎቹን ሊያግል፣ ሊያበላሽ፣ አልፎም እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ይህን በቀላሉ መሞከር ይቻላል። ከተበላሸ የመጫወቻ መኪና ትንሽ ሞተር አውጥታችሁ ዘንጉን በጣታችሁ አዙሩት። ቀጥሎ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ አገናኝታችሁ ድጋሚ አዙሩት፤ አሁን የበለጠ ይከብዳል። የፈጠራችሁት ኮረንቲ እንቅስቃሴያችሁን እየተቃወመ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ መኪናውን እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው። በመቶ 5 በሆነ ዳገት ላይ 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በ980 ኒውተን ወደ ታች ይሳባል፤ ይህም የ100 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ነው። ኃይል ሲጠፋ የፍሬንና የመሪ አጋዥ ስለማይሠራ ሁለቱም ይከብዳሉ። ስለዚህ ለጎማው ታኮ ማድረግ፣ የአደጋ መብራት ማብራት፣ ባለ ሦስት ማዕዘኑን ምልክት ራቅ አድርጎ ማቆምና ተሳፋሪዎችን ከመንገዱ ማራቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ያለቀው የትኛው ባትሪ እንደሆነ መለየት ነው። ከትልቁ ባትሪ ሌላ 12 ቮልት የሆነ ትንሽ ባትሪ አለ። ዳሽቦርዱ ጨርሶ ከጨለመ ችግሩ የትንሹ ሊሆን ይችላል፤ በመኪናው መመሪያ መሠረት ከሌላ 12 ቮልት ባትሪ ጋር በኬብል በማገናኘት መኪናው ሊነቃ ይችላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ኬብሎች ግን ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሸከሙ ፈጽሞ አይነኩም።

ሦስተኛው ማጓጓዝ ነው። መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ከአስፋልቱ ለማውጣት ብቻ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት ጥቂት ሜትር መግፋት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ አራቱም ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው በሎቤድ ላይ መጫን አለባቸው። ሞተሩ የፊት ጎማዎችን ብቻ የሚያዞር ከሆነ እነርሱን በክሬን አንሥቶ በኋላ ጎማዎች መጎተት የሚፈቀድበት ጊዜ አለ። አራቱንም የሚያዞር ከሆነ ግን ከመጫን በቀር ሌላ መንገድ የለም። ከሥሩ ጭስ ወይም የፉጨት ድምፅ ከተሰማ ሁሉም ሰው ርቆ መቆም ይገባዋል፤ የባትሪ እሳት ጠፋ ከተባለ በኋላም ሊያገረሽ ይችላልና።

በመንገድ ላይ ገመድ ይዞ የሚቀርብ ሰው ሐሳቡ ቅን ነው። ሳይንሱን የተማሩ አንባቢያን አመስግነው ምክንያቱን ቢያስረዱት ከአንድ መኪና በላይ ያተርፋሉ።