ሪል፦ ከሱፍ ፋብሪካ እስከ ጀማ ዳርቻ

አንኮበር ሐይቅ የላትም። ያላት ውኃ የሚለያይበት ጫፍ ነው። በምሥራቅ እንደ አይራራ ያሉት ወንዞች ገደሉን ተከትለው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይወርዳሉ፤ በምዕራብ በኩል ደጋው ላይ የሚጠራቀመው ውኃ በበሬሳና በመሰሎቹ አድርጎ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። ስለዚህ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ የአንኮበር ወይም የደብረ ብርሃን ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ወደ ከሰምና አዋሽ ቆላ ወርዶ አምባዛና ቆሮሶ መፈለግ፣ ወይ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ ነጭ ዓሣና አምባዛ ማባበል። በየትኛውም ቢወርድ መንገዱ ረጅም ነው፤ ሲመለስ ደግሞ ያ ሁሉ ዳገት ይጠብቀዋል። ሸለቆው ውስጥ ሪሉ ቢሰበርበት የሚያበጅለት የለም።

ሪሉም ቢሆን ከሰፈር ሱቅ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ይዤልህ ልምጣ?» ሲል ነው። እዚህ ላይ «ሪል» ብሎ ብቻ መመለስ ያስቆጫል። ማጥመድ የማያውቅ ዘመድ መደብር ገብቶ ሣጥኑ ላይ «12 ኩሽኔታ» ተብሎ የተጻፈበትን፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባውን አንስቶ ይመጣል፤ ያ ሪል ደግሞ ጥቂት ትልልቅ አምባዛ ከጎተተ በኋላ መንቋቋት ይጀምራል። ለዘመድ ምን ብሎ መጻፍ እንደሚገባ ለማወቅ ማሽኑን ራሱን መተዋወቅ ያስፈልጋል።

ሪል ከዘንጉ እጀታ አጠገብ የሚታሰር፣ ክር የሚለቅና የሚጠቀልል ትንሽ ማሽን ነው። አገራችን ውስጥ ያለ ሪል የሚጠመደው ዓሣ ይበዛል። በጣናም፣ በዝዋይም፣ በጫሞም ኑሮውን በዓሣ ላይ የመሠረተ ሰው የሚሠራው በመረብ ወይም ብዙ መንጠቆ በተንጠለጠለበት ረጅም ገመድ ነው። የወንዝ ዳር ልጅም ክሩን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ ጠምጥሞ በእጁ ይወረውራል፤ ይህ ከዳር ላይ ላለ ዓሣ ይበቃል። ሪል የሚጨምረው ሁለት ነገር ነው፦ መንጠቆውን ከባሕሩ ማዶ ድረስ አርቆ ለመወርወር ያስችላል፤ ትልቅ ዓሣ ሲይዝም ክሩ ሳይበጠስ ዓሣውን እያሯሯጠ ያደክማል።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ቻይናዊው ሠዓሊ ማ ዩዋን የሳለው ሥዕል ላይ፣ ብቻውን ጀልባ ላይ የተቀመጠው አጥማጅ ዘንግ ላይ መንኮራኩር ይታያል። አሁን በብዛት የምናየው ዓይነት፣ ከዘንጉ በታች የሚንጠለጠለው፣ ግን የተወለደው ሱፍ ፋብሪካ ውስጥ ነው። እንግሊዝ አገር፣ ብራድፎርድ በምትባለው የሱፍ ከተማ የፈትል ፋብሪካ የነበረው አልፍሬድ ሆልደን ኢሊንግዎርዝ፣ ክሩ ከቆመ በከራ ጫፍ ላይ እየተንሸራተተ ሲወጣ ማየት የዕለት ሥራው ነበር። በከራው አይዞርም፤ ክሩ ብቻ ነው የሚሮጠው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሪሎች ውርወራው በኃይል በከራውን ያሽከረክረው ስለነበር፣ መንጠቆው ውኃ ላይ ሲያርፍ በከራው ሳይቆም ቀርቶ ክሩን ያወሳስበው ነበር። ኢሊንግዎርዝ ቆሞ የሚቀረውን በከራ ለዓሣ ማጥመጃ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የመንዝን በግ ጸጉር በእንዝርት ለሚፈትል አገርና በንጉሡ ዘመን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ለተተከለባት ደብረ ብርሃን ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን ከተረከቡት መካከል ሰዓት ሠሪዎች ይገኙበታል። የስዊድኑ ሪል ሠሪ አቡ እ.ኤ.አ. በ1921 ስቫንግስታ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲቋቋም ስሙ ራሱ «የሰዓት ፋብሪካ» ነበር፤ የታክሲ ሂሳብ መቁጠሪያ ይሠራ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያንን ገበያ ሲዘጋበት ነው ወደ ሪል የዞረው። ሚሸል የሚባለውን፣ ከጦርነቱ በኋላ በሚሊዮን የተሸጠውን ሪል የሠራው የፈረንሳዩ ካርፓኖ ኤ ፖንስም መቀመጫው ክሉዝ፣ የሰዓት ጥርስ የሚቆረጥባት የተራራ ከተማ ነበረች። ሌላው ሪል ሠሪ ሺማኖ ደግሞ ከብስክሌት ጥርስ ነው የመጣው። እኔ ይህን የማነሳው ለጌጥ አይደለም። ሪል በመሠረቱ የጥርስ ሥራ ነው፤ ዕድሜውን የሚወስነው ጥርሱ የተሠራበት ማዕድንና ጥርሱን አቅፎ የያዘው ቤት ነው። ሣጥኑ ላይ የሚጻፈው ግን በአብዛኛው ስለሌላ ነገር ነው።

አንዱን ፈትተን እንየው። እጀታው ይነቀላል፤ በጎን ያሉት ሦስት ወይም አራት ብሎኖች በትንሽ ካቻቢቴ ይወጣሉ፤ ክዳኑ ሲነሳ ግራሶ የተቀባ ሰፊ ጥርስ ብቅ ይላል። ይህ ዋናው ጊር ነው። እሱ የሚነክሰው ደግሞ እንደ ጠመዝማዛ የተቆረጠ ትንሽ ጥርስ አለ፤ ክሩን በበከራው ዙሪያ የሚጠመጥመውን ክንፍ የሚያሽከረክረው ይህ ነው። ትንሹ ጥርስ ከነሐስ ቢሆን ይመረጣል። ትልቁ በርካሾቹ ላይ ከዚንክ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ ለአነስተኛ ዓሣ ይበቃል፣ ከባድ ሸክም ሲደጋገምበት ግን ጥርሱ ይበላል። በጥሩዎቹ ላይ ተጠርቦ ወይም ተቀጥቅጦ የወጣ አሉሚኒየም ወይም ነሐስ ይሆናል። እጀታው አንዴ ሲዞር ክንፉ አምስት ጊዜ ገደማ የሚዞርበትን ሪል ምረጡ። ስድስትና ሰባት ጊዜ የሚዞረው ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱ ግን ከጉልበት ላይ የተቀነሰ ነው፣ አምባዛም የሚፈልገው ጉልበት ነው።

ቀጥሎ ቤቱ። ግራፋይት የሚሉት የተጠናከረ ፕላስቲክ ቀላልና ርካሽ ነው፤ በሸክም ጊዜ ግን በትንሹ ይታጠፋል። እሱ ሲታጠፍ ውስጥ ያሉት ጥርሶች መስመራቸውን ይስታሉ፣ ከዚያ መፋጨት ነው። አሉሚኒየም ቤት አይታጠፍም። የባሕር ዳር አገር ሰዎች አሉሚኒየምን ጨው ይበላዋል ብለው ይፈሩታል፤ እኛ የባሕር ጨው የለብንምና ይህ ፍርሃት አይመለከተንም። በውጭ አገር የሚታተሙ የሪል ምክሮች ግማሹ ስለ ጨው ስለሆኑ፣ እነሱን ሳያበጥሩ መከተል ለሌላ ሰው ችግር ገንዘብ መክፈል ነው።

የእኛ ጠላት ደለል ነው። ክረምት የጀማ ውኃ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቃል፤ ከደጋው ታጥቦ የወረደ አፈር ነው የሚፈስሰው። በዚያ ውኃ ውስጥ አንዴ የጠለቀ ሪል ቢፈታ ግራሶው ጥቁር ሊጥ ሆኖ ይገኛል፤ በጣት ሲታሽ ይከረክራል። ያ አሸዋ ጥርሱን እንደ ሞረድ ነው የሚበላው። ውኃ እንዳያስገቡ ተደርገው የታሸጉ ሪሎች ለዚህ ጥሩ ይመስላሉ፣ የጎማ ማሸጊያ ያላቸውም በእውነት ይረዳሉ። ማግኔትና ልዩ ዘይት የሚጠቀሙትን ግን ለእኛ አገር አልመክርም። አንዴ ከተከፈቱ ወደ ፋብሪካው ባለሙያ መመለስ ይፈልጋሉ፤ ያ ባለሙያ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የለም። በካቻቢቴ ተፈትቶ፣ ተጠርጎ፣ ግራሶ ተቀብቶ የሚገጠም ሪል ነው የሚበጀን።

አሁን ስለ ድራጉ። በከራው ላይ ያለው ዙር ቁልፍ ሲጠብቅና ሲላላ የሚሠራው እንደ መኪና ፍሪሲዮን ነው፤ ተደራርበው የሚጫኑ ስስ ክቦች አሉ፣ ሲላሉ በከራው እየተንሸራተተ ክር ይለቃል፣ ሲጠብቁ ይይዛል። ዓሣው ሲሮጥ ክሩ ከመበጠሱ በፊት እንዲለቅ ማድረግ ሥራው ነው። ክቦቹ ከተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ ወይም ከካርቦን ይሠራሉ፤ ለትልቅ ዓሣ ካርቦኑ ሙቀት ስለሚችል ይሻላል። የሚለካው ግን ምን ያህል ኪሎ ይይዛል በሚለው ቁጥር አይደለም፤ አጀማመሩ ነው። ክሩን በእጅ ሲጎትቱት መጀመሪያ ነክሶ ይዞ ከዚያ በድንገት የሚለቅ ከሆነ፣ ክሩን የሚበጥሰው ያ ቅጽበት ነው። ቀስ ብሎ፣ ያለ መንቀጥቀጥ መነሳት አለበት። ሲያስተካክሉትም ክሩ ከሚችለው ክብደት ከአራት አንዱ እስከ ከሦስት አንዱ ላይ እንዲለቅ ያድርጉት።

ኩሽኔታዎቹን በተመለከተ፣ ሣጥን ላይ ባለ ቁጥር መታለል አይገባም። አራት ጥሩ ኩሽኔታ በትክክለኛው ቦታ ከገባ ከ12 ርካሽ ይበልጣል። የማይታለፈው አንድ ቦታ ክሩ የሚያልፍበት ትንሽ ሮለር ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ ማንም አያየውም፤ ደርቆ መዞር ሲያቆም ግን ክሩ አንድ ቦታ ላይ እየተፋተገ ቦይ ይቆፍርበታል፣ ከዚያ ወዲያ አዲስ ክር ቢገዙም እዚያው ይቆረጣል። የተገመደው ቀጭን ክር ደግሞ ይህን ከናይለን ይልቅ ቶሎ ያደርገዋል።

ዘመድዎ መደብር ቆሞ ስልክ ቢደውል እንዲህ ይበሉት። እጀታውን በጣም ቀስ አድርጎ ያዙረው፤ በፍጥነት ሲዞር ሁሉም ሪል ለስላሳ ነው፣ እንከኑ የሚሰማው በዝግታ ነው። እጀታውን ይዞ ወደ ኋላ ይግፋው፤ ጨርሶ መመለስ የለበትም። ክር መያዣውን ቀስት በእጁ ይክፈት ይዝጋ፤ ሲዘጋ የሚያስተማምን ድምፅ ይስጥ። ሪሉ ከዘንግ የሚታሰርበትን እግር ይዞ ቤቱን ለመጠምዘዝ ይሞክር፤ ከታጠፈ ያስቀምጠው። በመጨረሻም ሻጩን መለዋወጫ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1932 ፊላደልፊያ ውስጥ የተቋቋመው ፔን ስሙን ያተረፈው በዚህ ነው፤ ሪሎቹ ከባድና ያረጀ መልክ ያላቸው ናቸው፣ ግን የውስጥ ሥዕላቸው ከየብሎኑ ቁጥር ጋር ይገኛል። ያገለገለ አሮጌ ሚሸል ወይም አቡ በርካሽ ካገኘም አይለፈው፤ ጥርሱ ያልተበላ ከሆነ ከብዙ አዲስ ርካሽ ሪል ይሻላል።

የመጠን ቁጥሩን አስቀድመው ይስጡት። ለነጭ ዓሣና ለቆሮሶ፣ እንዲሁም ወደ ባሌ ተሻግረው ከኬንያ የመጣውን ትራውት በሸያና በዳንካ ወንዞች ለሚፈልጉ 2500 ይበቃል። ለጀማና ለአዋሽ አምባዛ 4000 ወይም 5000 ይሁን። ጫሞ ወይም ባሮ ላይ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊደርስ የሚችለውን ናይል ፐርች ለሚያልም ሰው 8000 እና ከዚያ በላይ ነው፤ እሱ ግን ሌላ በጀት ነው። አንድ ብቻ የሚገዛ የአንኮበር ሰው 4000 ይያዝ።

ከተገኘ በኋላ ያለው ጣጣ ትንሽ ነው። ከወንዝ ሲመለሱ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ እንጂ ውኃ ውስጥ መንከር ወይም በቧንቧ ውኃ መምታት አይገባም፤ ግፊቱ አሸዋውን ወደ ውስጥ ይሰደዋል። ቤት ሲገቡ ድራጉን ያላሉት፣ ጠብቆ የከረመ ክብ ይጨፈለቃል። ለጥርሱ ግራሶ፣ ለሮለሩና ለኩሽኔታው ጠብታ ዘይት። ወደ ኋላ መዞርን የሚከለክለው ኩሽኔታ ላይ ግን ግራሶ አይቀቡ፤ በኅዳር ብርድ ማለዳ ግራሶው ይረጋና እጀታው ዓሣው በጎተተ ቁጥር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ክሩን ከፀሐይ ያርቁ፣ ናይለን ፀሐይ ላይ ከከረመ በማይታወቅበት ጊዜ ይበጠሳል።

አገሩ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለው፤ ከመውረድዎ በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚፈቀድ ይጠይቁ። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ከሐምሌ እስከ መስከረም ከወንዝ ይቅሩ። ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ገባር ወንዞች የሚወጣው በዚያ ወቅት ነው፤ ደለሉም የሚበረታው ያኔ ነው። ሪሉን ፈትቶ ለማጽዳት ከክረምት የተሻለ ጊዜ የለም፤ ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ነጭ ጨርቅ ላይ ይደርድሩ፣ አንዱ ብሎን እንኳ ከጠፋ ምትኩን ደብረ ብርሃን ላይ አያገኙትም።