ኮግኒቲቭ ሥነ ልቦና ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ ቤት ሲታይ

በምሥራቅ ጎጃም የምትገኘው ደብረ ኤልያስ ስሟ ከቅኔ ጋር ነው የሚነሳው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው አድባራት አንዷ ናት። የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ከያዘ በኋላ ከጓደኞቹ ነጠል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል። ቃል የሚመርጠው፣ ቤት የሚያስመታው፣ ሰሙን ከወርቁ የሚያዋድደው በሐሳቡ ነው። ላላፊ አግዳሚው ግን ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ነው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በአሜሪካ የገነኑት ቢሄቪዮሪስቶች ሳይንስ ማጥናት ያለበት የሚታየውን ድርጊት ብቻ ነው ይሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ዝምታ የሚመረምሩበት መንገድ አልነበራቸውም። በ1959 እ.ኤ.አ. የቋንቋ ሊቁ ኖአም ቾምስኪ ቋንቋ በማነቃቂያና በሽልማት ብቻ እንደማይገለጽ ተከራከረ። ኮምፒውተርም አእምሮን መረጃ ተቀባይ፣ አከማቺና አውጪ አድርጎ ለማሰብ አርአያ ሆነ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኡልሪክ ናይሰር በ1967 ያሳተመው መጽሐፍ የአእምሮን ሥራ ለሚያጠናው ለዚህ ዘርፍ ኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ (ኮግኒቲቭ ሥነ ልቦና) የሚለውን ስም አጸናለት።

የዘርፉ ዋና ጥንካሬ የማይታየውን በሙከራ መለካቱ ነው። ጆርጅ ሚለር በ1956 የአጭር ጊዜ ትውስታ በአንዴ የሚይዘው ሰባት ያህል ነገር እንደሆነ፣ ነገሮች በቡድን ሲጠቀለሉ ግን ብዙ መያዝ እንደሚቻል አሳየ። ተማሪው በሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ በደረጃ የሚወጣበት ሥርዓት በዚህ ዓይን ሲታይ ምክንያቱ ይገባል። ክሬክና ሎክሃርት በ1972 እንዳስረዱት ደግሞ ትርጉሙ የተመረመረ ቃል ቅርጹ ብቻ ከታየው ይልቅ ይታወሳል፤ ወርቅ ፍለጋም ትርጉም ምርመራ ነው። ዘርፉ ለሕክምናም ጠቅሟል። አሮን ቤክ በ1960ዎቹ የጀመረው የተዛባ አስተሳሰብን የማረም ሕክምና ለድባቴና ለጭንቀት በብዙ ሙከራ የተፈተነ ነው።

ድክመቱም ቀላል አይደለም። የኮምፒውተር አርአያ ረሀብን፣ እፍረትንና ፉክክርን ያስረሳል፤ የቆሎ ተማሪ ግን ቁራሽ ለምኖ ያደረ፣ የቆጠረውን በየኔታ ፊት ነግሮ የሚታረም ሰው ነው። አእምሮው ብቻውን አይሠራም። በተጨማሪም ብዙው ጥናት የተሠራው በምዕራባውያን፣ ይልቁንም በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ነው።

የሙከራ መሣሪያው ራሱ እንደሚያሳስት ያሳየ ጥናት በአገራችን ተሠርቷል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚኖሩ ሜኢኒቶች ወረቀት ላይ ያለ ሥዕል ሲሰጣቸው ወረቀቱን ያሸቱትና ያጣጥሙት ነበር፤ ወረቀት ለእነሱ እንግዳ ነበርና። ተመራማሪዎቹ እነ ዴሬጎቭስኪ በ1972 ባሳተሙት ጥናት የእንስሳት ሥዕል በጨርቅ ላይ ታትሞ ሲቀርብ ግን፣ ጊዜ ቢወስድም፣ ብዙዎቹ ለይተውታል። በወረቀቱ ብቻ የተፈረደ ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ የአእምሯቸው ይመስል ነበር።

ስለዚህ ዘርፉ አስተሳሰብን ለመመርመር የተገኘ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ስለ ሰው ሁሉ የተሰጠ የመጨረሻ ቃል ግን አይደለም። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤት ጎረቤት ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቻችን ከውጭ የመጣውን መጠይቅ ተርጉመው ከመበተናቸው በፊት የኔታዎችን ይጠይቁ፣ ቅኔ ሲቆጠርና ሲታረም ቁጭ ብለው ይከታተሉ።