ባቡር ያልደረሰበት የምድር ውስጥ ጣቢያ

በኔዘርላንድስ ዋና ከተማ አምስተርዳም፣ ቬስፐርፕላይን በተባለው መስቀለኛ መንገድ ሥር፣ አንዱ ከሌላው በታች የተሠሩ ሁለት የባቡር ጣቢያ ወለሎች ይገኛሉ። በላይኛው ወለል ከ1977 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ባቡር ይመላለሳል። በታችኛው ግን እስከ ዛሬ አንድም መንገደኛ አልተሳፈረም። ምክንያቱ የነዋሪዎች ተቃውሞ ነው።

ስፍራው ስሙን ያገኘው ወደ ቬስፕ ከተማ ያወጣ ከነበረው ጥንታዊ የከተማ በር ነው። በ1843 ከዩትሬክት አቅጣጫ የሚመጣው ባቡር መድረሻ ጣቢያ በአቅራቢያው ተከፈተ። ጣቢያው በ1939 ሲዘጋ ሐዲዱ ተነሥቶ ሰፊ ጎዳና ተተካበት።

ከመስቀለኛው ወደ መሐል ከተማ የሚያደርሰው ቬስፐርስትራት የአይሁድ ሰፈር ዋና ጎዳና ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ነዋሪዎቹን አግዘው አብዛኞቹን ገደሉ። በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረሃብ ክረምት ደግሞ በከተማዋ የቀረው ሕዝብ የባዶ ቤቶቹን እንጨት ለማገዶ ነቀለ። ከጦርነቱ በኋላ የፈራረሱት ቤቶች ተነሥተው ጎዳናው እንዲሰፋ ተደረገ።

ሁለት ወለል ለምን ተሠራ?

የከተማው ምክር ቤት በ1968 የምድር ውስጥ ባቡር መረብ ዕቅድ አጸደቀ። ከመሐል ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው መስመርና ከተማዋን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው መስመር በቬስፐርፕላይን እንዲገናኙ ታሰበ። ባቡር በሚመላለስበት ጣቢያ ሥር ቆይቶ መቆፈር አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ የሁለተኛው መስመር ወለል አስቀድሞ አብሮ ተገነባ።

የአምስተርዳም መሬት ረግራጋ ነው፤ ጥቂት ሲቆፈር ውኃ ይወጣል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ግዙፍ የኮንክሪት ሣጥኖችን በመሬት ላይ ሠርተው፣ ከሥራቸው ያለውን አፈር በውኃ ግፊት እያጠቡ በማውጣት በክብደታቸው እንዲሰምጡ አደረጉ። ይህ ዘዴ ግን በመስመሩ ላይ ያለ ቤት ሁሉ እንዲፈርስ ያስገድድ ነበር።

ተቃውሞው

በጊዜው በከተማዋ የመኖሪያ ቤት እጥረት ነበር። በመስመሩ ላይ ያለው የኒውማርክት ሰፈር ነዋሪዎች ቤታችን አይፈርስም ብለው ተነሡ። ማርች 24 ቀን 1975 ፖሊስ ቤቶቹን ለማስለቀቅ ሲገባ ከባድ ግጭት ተቀሰቀሰ።

ቤቶቹ ከመፍረስ አልዳኑም። ይሁንና ምክር ቤቱ የተጀመረው መስመር ብቻ እንዲጠናቀቅ፣ ሌሎቹ እንዲቀሩ ወሰነ። በዋሻው ላይም የቀድሞውን የመንገድ አቀማመጥ ተከትለው አዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። በኒውማርክት ጣቢያ የተሰቀለው የቤት ማፍረሻ ኳስ ያንን ጊዜ ያስታውሳል።

በ2018 የተከፈተው የሰሜን–ደቡብ መስመር በመሐል ከተማ ቤት ሳይፈርስ ከጎዳናዎች ሥር በመሰርሰሪያ ማሽን ተቆፈረ። እርሱም ቢሆን ያለ ችግር አላለፈም፤ በ2008 ቤቶች በመስመጣቸው ሥራው ለጊዜው ተቋርጦ ነበር።

የቬስፐርፕላይን መንገደኞች ዛሬም በላይኛው ወለል ይሳፈራሉ። ከእግራቸው በታች ያለው ወለል፣ አንድ ከተማ ሊነሡ ከነበሩ ነዋሪዎች ጋር ሳይስማማ ያወጣው ዕቅድ ምን ያህል ወጪ በከንቱ እንደሚያስቀር ያሳያል።