የፕሊመዝን መሥራቾች ታሪክ ለሕፃናት ማስተማር

የፕሊመዝ ሠፈራ በዛሬዋ አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ግዛት በ1620 በእንግሊዛውያን የተመሠረተ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ልጆች ስለ አገራቸው አመሠራረት ከሚሰሟቸው ታሪኮች ይህ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ታንክስጊቪንግ የተባለው የምስጋና በዓል ሲቃረብ በመዋዕለ ሕፃናትም ይተረካል። ለረጅም ዘመን የተተረከው ግን እጅግ አጭር ነበር፦ ደጋግ ሰዎች በመርከብ መጡ፣ የአገሬው ሰዎች ተቀበሏቸው፣ አብረው ማዕድ ቆረሱ። ከዚህ በፊትና በኋላ የሆነው ሁሉ ተዘልሏል። ለሕፃን የሚነገረው ጥቂት መሆኑ ተገቢ ነው፤ ጥቂቱ ግን እውነት መሆን አለበት።

መሥራቾቹ እነማን ነበሩ?

ፒልግሪሞች የሚባሉት ሰፋሪዎች እምብርት ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ተለይተው በራሳቸው ሥርዓት ማምለክ የፈለጉ ምእመናን ናቸው። ይህ በዘመኑ ያስቀጣ ስለነበር ወደ ሆላንድ ተሰደው በላይደን ከተማ ከ10 ዓመት በላይ ኖሩ። በዚያም ኑሮው ከበዳቸው፤ ልጆቻቸው የወላጆቻቸውን ቋንቋና ልማድ እየተዉ መሄዳቸውም አሳሰባቸው። ስለዚህ ባሕር ለመሻገር ወሰኑ።

ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ በሴፕቴምበር 1620 መንገደኞች 102 ሆነው ከእንግሊዝ ተነሣች። ሁሉም የሃይማኖት ስደተኞች አልነበሩም፤ መሬትና የተሻለ ኑሮ ፍለጋ የወጡም ብዙ ነበሩ። 30 ያህሉ ልጆች ነበሩ። መንገደኞቹ የሰነበቱት ረዥም ሰው ቀና ብሎ መቆም በማይችልበት ጠባብ ወለል ላይ ነው። ጉዞው ከ2 ወር በላይ ሲፈጅ ኦሺያነስ ሆፕኪንስ የተባለ ሕፃን እዚያው ባሕር ላይ ተወለደ። ኬፕ ኮድ ወደተባለው የባሕር ዳርቻ ሲደርሱ 41 ወንዶች ለጋራ ሕግ ለመገዛት ቃል ኪዳን ፈረሙ። ክረምቱ ግን ጨካኝ ሆነባቸው። በብርድና በበሽታ ግማሽ ያህሉ አለቁ፤ በክፉው ወቅት ሌሎቹን ሊያስታምሙ የሚችሉት ስድስት ወይም ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ምድሪቱ ባለቤት ነበራት

ሠፈራው የተተከለው ፓቱክሰት በሚባል የዋምፓኖአግ ሕዝብ መንደር ላይ ነው። ከ1616 እስከ 1619 ከኤውሮፓውያን ጋር የመጣ ወረርሽኝ ነዋሪዎቹን ስለጨረሳቸው ሰፋሪዎቹ ያገኙት የተመነጠረና ባለቤቶቹ ያለቁበት የእርሻ መሬት ነበር። ቲስኳንተም የተባለው የፓቱክሰት ሰው በ1614 በአንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ታፍኖ ወደ ስፔን ተወስዶ ነበር። ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ቋንቋውን ለመደ፤ በ1619 አገሩ ሲመለስ ከመንደሩ ሰው የጠበቀው አልነበረም። በ1621 ጸደይ ለሰፋሪዎቹ አስተርጓሚ የሆናቸውና በቆሎ ሲዘሩ ዓሣ ከሥሩ እንዲቀብሩ ያሳያቸው ይህ ሰው ነው።

ማሳሶይት እየተባለ የሚጠራው የዋምፓኖአግ መሪ ኡሳሜኩዊንም በዚያው ጸደይ ከሰፋሪዎቹ ጋር የመረዳዳት ውል ገባ። ሕዝቡ በወረርሽኙ ስለተመናመነና ናራጋንሴት የተባሉት ጎረቤቶቹ ስለበረቱበት አጋር ያስፈልገው ነበር። መከሩ ሲሰበሰብ መሪው 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ መጣ፤ እንግዶቹ አምስት አጋዘን አድነው አመጡ፣ ግብዣውም ሦስት ቀን ቆየ። የዛሬው ታንክስጊቪንግ ከዚህ ግብዣ ጋር ይያያዛል፤ ብሔራዊ በዓል ሆኖ በየዓመቱ መከበር የጀመረው ግን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1863 ካወጀው በኋላ ነው።

ሰላሙ ለልጅ ልጅ አልተረፈም። እንግሊዛውያን እየበዙ መሬቱን እየያዙ ሲሄዱ በ1675 ጦርነት ተነሣ። የኡሳሜኩዊን ልጅ ሜታኮም በ1676 ተገደለ፤ ሚስቱና ልጁ ተማርከው ነበር፣ ከወገኖቹም ብዙዎች ለባርነት ተሸጡ። ዋምፓኖአጎች ግን አልጠፉም። ዛሬም በማሳቹሴትስ፣ በማሽፒና በአኩዊና ይኖራሉ፤ ከ100 ዓመት በላይ ተናጋሪ አጥቶ የነበረው ቋንቋቸውም ለልጆቻቸው እንደገና እየተሰጠ ነው።

በየዕድሜው ምን ይነገር?

የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ዘመንን አይቆጥርም፤ ቤትን፣ ረሃብን፣ ሕመምንና መረዳዳትን ግን ያውቃል። ለእርሱ ሁለት ነገር ይበቃዋል፦ እዚያ ቀድመው የሚኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ የመጡት ደግሞ ተርበውና ታመው ስለነበር እርዳታ አገኙ። የመርከቧን ጥበት ለማስረዳት ወለሉ ላይ በጠመኔ አነስተኛ አራት ማዕዘን ተሥሎ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ምሳቸውን ይዘው እዚያው ውስጥ እንዲቀመጡ ማድረግ ይቻላል። በቆሎ በቆርቆሮ ዘርቶ ሲበቅል መከታተልም ልጁ የማይረሳው ትምህርት ነው።

ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ያለ ልጅ “ለምን?” ይላል። በዚህ ዕድሜ ሰዎቹ ከእንግሊዝ ለምን እንደወጡ፣ መንደሩ ለምን ባዶ እንደሆነ፣ ቲስኳንተም እንግሊዝኛ ከየት እንደተማረ ሊነገረው ይገባል። ሞትንና መታፈንን መስማት ከባድ ቢሆንም በረጋ ድምፅና በአጭሩ ከተነገረ ልጅ ይሸከመዋል። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላሉት የ1675ቱ ጦርነትና መንስኤው መቅረት የለበትም፤ ካልሰሙት ከግብዣው በኋላ ሁሉም በሰላም የኖረ ይመስላቸዋል።

መወገድ ያለባቸው ልማዶች

በየትምህርት ቤቱ በወረቀት የሚሠራው ጥቁር ባለዘለበት ባርኔጣ የኋላ ሰዎች ፈጠራ ነው፤ ፒልግሪሞች ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ልብስ ይለብሱ ነበር። ትልቁ የላባ ዘውድና የቆዳ ድንኳንም ከሩቅ ምዕራብ ሜዳ ሕዝቦች የተወሰዱ ናቸው፤ የዋምፓኖአግ ቤት ከታጠፈ እንጨት ተሠርቶ በቅርፊት ወይም በሰሌን የሚሸፈን ክብ ጎጆ ነበር። ሕዝብን እንደ መጫወቻ ልብስ ከማልበስ ይልቅ ቤቱን መሥራት፣ እህሉን ማወቅና የሰዎቹን ስም መጥራት ይሻላል። ስለ ዋምፓኖአግ ሲወራም “ነበሩ” ብቻ ሳይሆን “አሉ” መባል አለበት። በፕሊመዝ ያለው ቤተ መዘክር የእንግሊዞቹን መንደርና የዋምፓኖአግን መኖሪያ ጎን ለጎን ያሳያል፤ ከ2020 ጀምሮም ፓቱክሰት የሚለው ስም በስያሜው ተጨምሯል።

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች

ልጁ ከትምህርት ቤት የወረቀት ባርኔጣ ደፍቶ ሲመጣ ታሪኩን ለማስፋት ጥሩ አጋጣሚ ነው። በላይደን የነበሩት ወላጆች ልጆቻቸው ቋንቋቸውን እንዳያጡ መስጋታቸውን፣ ዋምፓኖአጎችም የጠፋ ቋንቋቸውን ለልጆቻቸው ለመመለስ መልፋታቸውን በባዕድ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ወላጅ “መምህርሽ ምን አለች?” ብሎ ከጠየቀ በኋላ “እዚያ ቀድሞ የሚኖረውስ ማን ነበር?” ብሎ ይጨምር፤ መልሱንም ከልጁ ጋር ይፈልግ። የአንድ ሠፈራ መሥራቾች ለልጅ ሲነገሩ የተቀበሏቸውም ሰዎች በስማቸው ይነገሩ።