ከተማሪው እጅ እስከ አርሶ አደሩ ማሳ፦ የቤተ ሙከራ ክህሎት እንዴት ይዳብራል?

አንድ አርሶ አደር ከማሳው የተወሰደ አፈር ለምርመራ ሲላክለት የሚጠብቀው ጥቂት ቁጥሮችን ነው። ቁጥሮቹ አፈሩ አሲዳማ መሆን አለመሆኑንና ምን ያህል ኖራ እንደሚያስፈልገው ይነግሩታል። እነዚህን ቁጥሮች የሚያወጣው ግን መሣሪያው ብቻ አይደለም። አፈሩን የመዘነው፣ ፈሳሹን የለካውና ውጤቱን የመዘገበው የሰው እጅም ነው። ያ እጅ ሙያውን መልመድ የሚጀምረው ደግሞ ገና በተማሪነት ዘመን ነው።

ዝናብ በሚበዛባቸው የኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች፣ በጎጃምና በአዊ የሚገኙ በርካታ ማሳዎችን ጨምሮ፣ የአፈር አሲዳማነት የታወቀ ችግር ነው። ለዘመናት የሚወርደው ዝናብ እንደ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን እያጠበ ይወስዳል። የአፈሩ ፒኤች ከ5 ነጥብ 5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ፎስፈረስም በአፈሩ ተይዞ ለሰብሉ እንደሚገባው አይደርስም። በዚህ ምክንያት ማዳበሪያ የተደረገበት ማሳ እንኳ የልፋቱን ያህል ላይሰጥ ይችላል።

መፍትሔው ኖራ ነው፤ መጠኑ ግን በግምት አይወሰንም። ኖራው ካነሰ ችግሩ አይቃለልም። ከበዛ ደግሞ ገንዘብና ጉልበት ከመባከኑም በላይ እንደ ዚንክና ብረት ያሉ ንጥረ ነገሮች ለሰብሉ እንዳይደርሱ ያደርጋል።

ትንሽ ስሕተት፣ ትልቅ ልዩነት

ፒኤች ከ0 እስከ 14 የሚቆጠር የአሲዳማነት መለኪያ ነው። 7 መካከለኛ ሲሆን ከዚያ በታች ያለው አሲዳማ ነው። ልኬቱ እንደ ተራ ሜትር አይደለም፤ አንድ ቁጥር ዝቅ ባለ ቁጥር አሲዳማነቱ በ10 እጥፍ ይጨምራል። ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር 6 ከሆነው በ10 እጥፍ የበለጠ አሲዳማ ነው። የግማሽ ቁጥር ስሕተት እንኳ ከሦስት እጥፍ በላይ ልዩነት ያመጣል።

ስሕተቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከቤተ ሙከራው ውጭ ነው። ናሙናው ከአንድ ቦታ ብቻ ከተዘገነ ማሳውን አይወክልም። አመድ ከሚደፋበት፣ ፍግ ከተከመረበት ወይም ከማሳው ዳር የተወሰደ አፈርም የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ትክክለኛው አሠራር በማሳው ውስጥ እየተዘዋወሩ ከ10 በላይ ከሚሆኑ ቦታዎች እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ ወስዶ መቀላቀል ነው። ከዚያም አፈሩ በጥላ ደርቆ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል።

በተለመደው አሠራር 10 ግራም አፈር ከ25 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ጋር ይማሰላል፤ ጥቂት ከቆየ በኋላም በፒኤች ሜትር ይለካል። መሣሪያው አስቀድሞ ፒኤቻቸው በታወቀ ፈሳሾች መስተካከል አለበት። ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው ሲታለፍም ጫፉ በተጣራ ውኃ መታጠብ ይኖርበታል። ይህን የዘለለ ተማሪ ያለፈውን ናሙና ቅሪት ከአዲሱ ጋር ይለካል።

የኖራውን መጠን ለማስላት ከሚያገለግሉ ዘዴዎች አንዱ ደግሞ የእጅ ብልሃት ይጠይቃል። ከአፈሩ በጨው ፈሳሽ የወጣው አሲድ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ ይጨመራል፤ ቀለም አመልካቹ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሲሆን ይቆማል። ያልለመደ እጅ ጥቂት ጠብታዎችን ያሳልፍና ፈሳሹ ደማቅ ሮዝ ይሆናል። ያን ጊዜ አፈሩ ከእውነቱ የበለጠ አሲዳማ መስሎ ይመዘገባል፤ አርሶ አደሩም ማሳው ከሚፈልገው በላይ ኖራ እንዲገዛ ይነገረዋል።

ክህሎት በልምምድ ይገኛል

እርፍ መጨበጥ በወሬ እንደማይለመድ ሁሉ የቤተ ሙከራ ሥራም መጽሐፍ በማንበብ ብቻ አይለመድም። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለምዳቸው የሚገቡ ጥቂት ልማዶች አሉ። በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለ ውኃ ሲለካ ዓይንን ከውኃው ገጽ ጋር ማስተካከልና የጎደጎደውን የታችኛውን መስመር ማንበብ አንዱ ነው። አንድን ልኬት ሦስት ጊዜ መድገምና ውጤቶቹን ማነጻጸር ሌላው ነው። ሦስቱ ከተራራቁ መፍትሔው የሚስማማውን መምረጥ ሳይሆን ምክንያቱን መፈለግ ነው።

መዝገብ አያያዝም ክህሎት ነው። ውጤት በታየበት ቅጽበት በእስክሪብቶ በደብተር ይጻፋል እንጂ በቁራጭ ወረቀት ወይም በቃል አይያዝም። የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፤ ምክንያቱም የተሳሳተውም ቁጥር በኋላ ሊጠቅም ይችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ደኅንነት ነው። አሲድ ሲቀጠን አሲዱ ወደ ውኃው ቀስ እያለ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ አሲድ አይጨመርም። ፈሳሽ በአፍ አይሳብም፤ የዓይን መከላከያም አይወልቅም።

በቂ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤትም ልምምድ ሊነፍግ አይገባም። መርፌ በሌለው አዲስ ሲሪንጅ ውኃ መለካትና በሚዛን ማረጋገጥ ይቻላል፤ 1 ሚሊ ሊትር ውኃ ወደ 1 ግራም ይመዝናልና። ከቀይ ጥቅል ጎመን በፈላ ውኃ የሚወጣው ፈሳሽ በሎሚ ጭማቂ ይቀላል፤ በአመድ ውኃ ደግሞ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ሎሚውን በጠብታ እየጨመሩ ቀለሙ የሚለወጥበትን ቅጽበት መያዝ በቢዩሬት ለሚሠራው ሥራ ጥሩ መለማመጃ ነው።

በቡድን ሥራ ወቅት አንዱ ተማሪ ሲሠራ ሌሎቹ ቆመው የሚያዩበት ልማድ ግን ክህሎትን አያሳድግም። መምህሩ ተራ ቢያወጣ፣ ዛሬ የጻፈው ነገ ቢመዝን፣ ዛሬ የመዘነው ነገ ጠብታ ቢቆጣጠር ሁሉም እጅ ይፈታል። ዛሬ በሲሪንጅ ውኃ መለካት የሚለማመደው ተማሪ ነገ የአርሶ አደሩን አፈር የሚመረምር ባለሙያ ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ጊዜ የጠብታ ስሕተት ዋጋ የሚከፈለው በማሳው ላይ ነው።