የወላጆቻችን ጉልበት የት ይሄዳል?

በአሜሪካ አርካንሳስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጥቂት ጤነኛ ሰዎችን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ አስተኙ። ውጤቱ የታተመው በ2007 ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰዎቹ ምግብ አልጎደለባቸውም፣ ትኩሳት አልነበራቸውም፣ ቀዶ ሕክምናም አልተደረገላቸውም። ሥራቸው መተኛት ብቻ ነበር። በመጨረሻ ሲለኩ ከእግሮቻቸው ብቻ አንድ ኪሎ ገደማ ሥጋ ጎድሎ ተገኘ። ጉልበትን የሚዘረጋው የጭን ጡንቻ ኃይልም በ16 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ወጣቶች አንድ ወር ያህል ተኝተው የሚያጡት የእግር ሥጋ እንኳ ከዚህ ያነሰ ነው።

«እማዬ ወገቧን ታማ ሁለት ሳምንት ተኛች፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮዋ አልሆነችም» የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል። ሰሚው ሁሉ «ምን ይደረግ፣ ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ዕድሜ የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን ለዕድሜ ከምንሰጠው ጥፋት ብዙው የመቀመጥና የመተኛት ጥፋት ነው፤ ያንን ደግሞ ብዙ ጊዜ በፍቅር የምናመጣው እኛው ልጆች ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ በየቀኑ ይፈርሳል፣ በየቀኑም ይገነባል። ለግንባታው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንዱ ከምግብ የሚመጣው ፕሮቲን፣ ሌላው ጡንቻው ራሱ የሚሸከመው ጫና። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ለሁለቱም የሚሰጠው ምላሽ ይቀዘቅዛል። ያው ምግብና ያው እንቅስቃሴ እንደ ድሮው ሥጋ አያስገኙም። በዚህ ላይ ጫናው ጨርሶ ከተቋረጠ ግንባታው ወዲያው ይዳከማል፤ በአርካንሳሱ ጥናት ጡንቻ ፕሮቲኑን የሚሠራበት ፍጥነት በ30 በመቶ ገደማ ወርዷል።

ዕድሜ ሲገፋ ከጡንቻ ክሮች መካከል ቀድመው የሚሳሱት ፈጣኖቹ ናቸው። እነዚህ ረጅም መንገድ የሚያስኬዱ አይደሉም። ከመቀመጫ ብድግ ለማለት፣ እንቅፋት ሲመታን ሌላውን እግር ቶሎ ወርውረን ከመውደቅ ለመዳን የምንጠቀምባቸው ናቸው። የሚያዟቸው ነርቮችም ከዕድሜ ጋር ቁጥራቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ቀስ እያሉ ሩቅ መሄድ የሚችሉ አዛውንት ከዝቅተኛ መቀመጫ ለመነሣት ሲቸገሩ የምናየው ለዚህ ነው። ጡንቻ ሌላም ሥራ አለው፤ ሰው ሲታመም ሰውነቱ ቁስል ለማዳንና ተሕዋስያንን ለመዋጋት የሚያስፈልገውን አሚኖ አሲድ የሚያወጣው ከዚያ ነው። ለክፉ ቀን የተሞላ ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። የሳንባ ምች ወይም የዳሌ ስብራት ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰው ላይ ሲመጣ ማገገሙ እጅግ ይከብዳል።

አገር ቤት ያለ ሰው ስፖርት ቤት ሳይገባ ይህን ጡንቻ የሚያሠራበት ብዙ መንገድ አለው። ዱካ ላይ ተቀምጦ ቡና ማፍላት፣ ሲኒ ለማደል መነሣት፣ በቅዳሴ ሰዓት መቋሚያ ተደግፎ መቆም፣ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ጎንበስ ቀና ማለት። ስግደትን ብቻ ብንወስድ፣ ቆሞ ከነበረበት ወርዶ ግንባርን መሬት አስነክቶ መልሶ መቆም ጭንን፣ መቀመጫን፣ ጀርባንና ክንድን በአንድ ጊዜ ያሠራል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለአረጋዊ ከሚያዘው እንቅስቃሴ ብዙ አይርቅም።

ልጆች ራሳቸውን ሲችሉ የመጀመሪያ ምኞታቸው እናትን ማሳረፍ ነው። ሶፋ ይገዛል፣ ሠራተኛ ትቀጠራለች፣ «እማዬ ቁጭ በይ፣ እኔ አለሁልሽ» ይባላል። ወደ ውጭ ያመጣናቸው ወላጆች ደግሞ ይብስባቸዋል። ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ልጆች በሁለት ሥራ ሲራወጡ እናት አፓርታማ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጡ ይውላሉ። በእግር የሚኬድበት ገበያ የለም፣ ጎረቤት አይጠራም፣ ቤተ ክርስቲያን በመኪና ነው፣ በክረምት በረዶው ያስፈራል። ልጆቹን መውቀሴ አይደለም። ማሳረፍ በእኛ ዘንድ የመውደድ ትልቁ መግለጫ ነው። ጡንቻ ግን በፍቅር ተቀመጠ በስንፍና ተቀመጠ ለይቶ አያውቅም።

የጠፋው ጉልበት ሊመለስ መቻሉ ነው እኔን በጣም የሚያጽናናኝ። በ1990 ማሪያ ፊያታሮኔ የተባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ቦስተን በሚገኝ የአረጋውያን ማዕከል የሚኖሩ 10 ሰዎችን መረጡ። ሁሉም በ90 ዓመት አካባቢ ያሉ ነበሩ፤ ትልቁ 96 ደርሰዋል። ለ8 ሳምንታት በእግራቸው ክብደት እንዲገፉ ተደረገ። ክብደቱ ለይስሙላ የተሰጠ አልነበረም፤ ከሚችሉት ከፍተኛ መጠን እስከ 80 በመቶ ይደርስ ነበር። ሥልጠናውን የጨረሱት ዘጠኙ የእግራቸው ኃይል በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። ያው ቡድን በ1994 ጥናቱን በ100 ሰዎች ላይ ሲያሰፋው የሠለጠኑት ሰዎች የእግር ኃይል ከእጥፍ በላይ አደገ፣ አረማመዳቸውም ፈጠነ። ለአንዳንዶቹ ያለ ሥልጠና ገንቢ መጠጥ ብቻ ተሰጥቷቸው ነበር፤ እነሱ ዘንድ የረባ ለውጥ አልታየም። ሽማግሌን «አብዝተው ይብሉ» እያሉ ማስቀመጥ እንደማይበቃ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

ቤት ውስጥ መጀመር የሚቻለው ከወንበር በመነሣት ነው። አባታችን ሊነሡ ሲሞክሩ ካቃታቸው አብዛኞቻችን ክንዳቸውን ይዘን እንጎትታለን። ይህ ትከሻን ይጎዳል፤ እግራቸውም ሥራ ፈት ይሆናል። ባለሙያዎች የሚያሳዩት ሌላ ነው። መጀመሪያ ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይጠጋሉ። እግራቸውን ወደ ኋላ ይስባሉ፣ ተረከዙ ከጉልበት ጀርባ እስኪሆን። ከዚያ ደረታቸውን ወደ ፊት ያዘነብላሉ፣ አፍንጫ ከእግር ጣት በላይ እስኪደርስ። አሁን ክብደቱ ከመቀመጫው ወደ እግር ተላልፏልና የወንበሩን ክንድ ገፍተው ይነሣሉ። ልጅ ጎናቸው ይቆማል፤ ምናልባት መዳፉን ጀርባቸው ላይ ያደርጋል፤ አይጎትትም። ሲቀመጡም እንደዚያው ቀስ ብለው ነው፣ ዘፍ ማለት የለም። ወንበሩ በጣም ዝቅ ካለ ትራስ ይጨመርበታል፤ ጉልበት ሲመጣ ትራሱ ይነሣል። ይህን ሲያደርጉ ሦስት ደቂቃ ሊወስድባቸው ይችላል። እኛ ጎትተን ብናስነሣቸው አምስት ሴኮንድ ነው። ልዩነቱን መታገሥ የልጅ ድርሻ ነው።

በምግብ በኩል፣ የዘርፉ ባለሙያዎች በ2013 ያወጡት ምክር ጤነኛ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን እንዲያገኝ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ አለው። እናቶቻችን ጾም አይፈቱም፤ ፍቱ ብሎ መጨቃጨቅም የትም አያደርስም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላው ወፈር ብሎ እንዲቀርብና እንጀራው ብቻ ሆድ እንዳይሞላ ማድረግ ግን ይቻላል። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው መጠኑን ሐኪማቸው ይወስንላቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ምን ያህል እናግዝ የሚለው ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ሲድኒ ካትዝ በ1963 ባሳተሙት ሥራ ሰው ራሱን ችሎ ለመኖር የሚያስፈልጉትን መሠረታዊ ነገሮች በስድስት ከፈሉ፦ መታጠብ፣ መልበስ፣ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ከአልጋና ከወንበር መነሣት፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ መመገብ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በቅደም ተከተል ይጠፋሉ፤ መታጠብ ቀድሞ ይሄዳል፣ መመገብ እስከ መጨረሻ ይቆያል። የሚያገግም ሰው ደግሞ የሚያስመልሳቸው ከመጨረሻው ጀምሮ ነው። ለቤተሰብ የሚጠቅመው እያንዳንዱን ለየብቻ ማየቱ ነው። ገላ መታጠብ የከበዳቸው አባት ሸሚዛቸውን መቆለፍ አቅቷቸዋል ማለት አይደለም። እኛ ግን አንዱን ስንረከብ ስድስቱንም እንረከባለን።

የመርሳት ሕመም ያለባቸውም ቢሆኑ እንዲሁ ናቸው። አዲስ ነገር የሚመዘገብበት ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል በአልዛይመር ቀድሞ ይጎዳል። እጅ የለመደውን ሥራ የሚይዙት ክፍሎች ግን ሌላ ቦታ ናቸው፤ ብዙ ጊዜም ይቆያሉ። ዛሬ ቀኑ ማን እንደሆነ የጠፋባቸው እናት ቡናውን አጥበው፣ ብረት ምጣዱን እያንቀሳቀሱ፣ ፍሬው ጠቁሮ ዘይቱ ብቅ ሲል አውቀው ሊያወርዱት ይችላሉ። እሳቱን ሌላ ሰው ይጠብቅ፤ መቁላቱን ለእሳቸው መተው ነው።

አሲስትድ ሊቪንግ የሚባሉት፣ ሰው በራሱ ክፍል እየኖረ እገዛ የሚያገኝባቸው ቤቶች በአሜሪካ የተጀመሩት ሰው የሚችለውን ራሱ ይሥራ ከሚለው ከዚሁ ሐሳብ ነው። ኬረን ብራውን ዊልሰን ገና ተማሪ ሳሉ እናታቸው በ55 ዓመታቸው ስትሮክ መታቸውና መንከባከቢያ ተቋም ገቡ። እናትየው የሚመኙት የራሳቸው ክፍል፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በርና ትንሽ ማድቤት ነበር። ልጅየው በ1983 በኦሪገን ፖርትላንድ ያንን የመሰለ ቤት ከፈቱ። አቅመ ደካማ ሰው በሩን ከውስጥ ይቆልፍ፣ ራሱ ያብስል መባሉ ያኔ ብዙዎችን አስደንግጦ ነበር። ዛሬ ስሙን የያዙ ተቋማት ሁሉ ሐሳቡን ይዘዋል ማለት አልችልም። በሲያትል አካባቢ ብዙ ሐበሾች በመኖሪያ ቤት ውስጥ ጥቂት አረጋውያንን ተቀብለው የሚያስተዳድሯቸው ቤቶች አሉ፤ ወላጅ የሚያስገባ ሰው እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ ሲጎበኝ ከግድግዳው ቀለም ይልቅ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነዋሪዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ይመልከት።

ከሁሉ የምወደው ግን ባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ በነርሷ ተመራማሪ ሣራ ዛንተን የተጀመረው ኬፐብል የተባለ ፕሮግራም ነው። ወደ አረጋዊው ቤት ሦስት ሰው ይሄዳል፦ ነርስ፣ የዕለት ሥራን መልሶ የሚያለማምድ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ እና ጥገና የሚሠራ ባለሙያ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ምን ታመሙ የሚል አይደለም። ምን መሥራት ይፈልጋሉ የሚል ነው። አንዷ ደረጃ ወርጄ ልብሴን ማጠብ ካሉ ለደረጃው መደገፊያ ይገጠማል፣ ጉልበታቸው ይሠለጥናል፣ የሚያዞራቸው መድኃኒት ካለ ይታያል። ከ5 ወር በኋላ ከ8 የዕለት ተግባራት መካከል ሰዎቹን የሚከብዷቸው ቁጥር በአማካይ ከ3.9 ወደ 2 ወርዷል።

መውደቅ ለብቻው መጣጥፍ የሚወጣው ነገር ነውና በአጭሩ ልለፈው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በየዓመቱ 684 ሺህ ሰው በመውደቅ ይሞታል። የሚላወስ ምንጣፍ ይነሣ፣ መጸዳጃ ቤት የሌሊት መብራት ይኑር፣ በዓይን ላይ ያለ ሞራ ይገፈፍ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወሰድ የእንቅልፍ ኪኒን ይቁም። የአካል ብቃት ልምምድ በጥቅሉ የመውደቅን ድግግሞሽ በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ግምገማ አሳይቷል።

አስታማሚዋም ሰው ናት። «አስታማሚዋ» ያልኩት በአብዛኛው ቤት ሴት ልጅ ወይም ምራት ስለሆነች ነው። በ1999 ከፒትስበርግ የወጣ ጥናት የትዳር ጓደኛቸውን የሚያስታምሙ አዛውንትን ለአራት ዓመታት ተከታትሏል። ሥራው ያስጨነቃቸው ሰዎች የመሞት ዕድል ከማያስታምሙ እኩዮቻቸው በ63 በመቶ በልጧል፤ እያስታመሙ ጭንቀት ያልበረታባቸው ላይ ግን ይህ አልታየም። ጠንቁ ማስታመሙ ሳይሆን ብቻቸውን የተሸከሙት ጭንቀት ይመስላል። ከዳላስ ወይም ከዱባይ ገንዘብ የሚልክ ወንድም የወር ሐዋላውን ብቻ ሳይሆን እህቱ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን የምትወጣበትን ተተኪ ሰውም ይክፈል።

በመጨረሻ ስለ ሆስፒታል፣ ምክንያቱም ብዙ ጉልበት የሚጠፋው እዚያ ነው። በአላባማ የተደረገ አንድ ጥናት ተኝተው የሚታከሙ፣ ከመግባታቸው በፊት ግን በእግራቸው ይሄዱ የነበሩ አረጋውያንን በመለኪያ መሣሪያ ተከታትሎ 83 በመቶውን ጊዜ ጋደም ብለው እንደሚያሳልፉ አገኘ። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በአልጋው ጎን ሌት ተቀን የሚቀመጥ አስታማሚ አለ፤ የብዙ ሀብታም አገር ሕመምተኛ ይህ የለውም። ያ ሰው ምግብ ከማቅረብና ትራስ ከማስተካከል ሌላ አንድ ሥራ ይጨመርለት። ጠዋት ዶክተሩ ሲዞሩ «አባቴ ዛሬ ተነሥተው መሄድ ይችላሉ?» ብሎ ይጠይቅ። ከተፈቀደ በመጀመሪያ እግራቸውን አውርደው አልጋው ጠርዝ ላይ ጥቂት ይቀመጡ፣ የደም ግፊታቸው እንዳይወርድና እንዳያዞራቸው። ነጠላ ጫማው ይቅርና ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። ከዚያ እስከ ኮሪደሩ መጨረሻ ደርሶ መልስ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ጠያቂ ዘመድ ሲመጣም ከአልጋው አጠገብ ከማውራት አብሯቸው ይራመድ።