ፓራውልቱ ሲነካ የሾፌሩ ኪስ ይቀደዳል

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂንያና በሜሪላንድ መሪ ጨብጠው የሚያድሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ከአገር ቤት ፖለቲካ ቀጥሎ በየካፌው የሚነሳው ወሬም የመኪና ግጭት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

«ትንሽ ጫር አደረገኝ» የሚባለው ነገር ዛሬ ትንሽ አይደለም። ቀድሞ ፓራውልት ማለት ፕላስቲክና ቀለም ነበር። አገር ቤት ላሜራ መቺው በመዶሻ አቃንቶ፣ ስቱኮ ለቅልቆ፣ ቀለም ረጭቶበት ያስረክብ ነበር። የዛሬዎቹ መኪኖች ግን ፓራውልታቸው ውስጥ ሴንሰርና ራዳር፣ የፊት መስተዋታቸው ላይ ካሜራ ተሸክመዋል። እነዚህ ሲነኩ ወይም ሲፈቱ በልዩ መሣሪያ እንደገና መስተካከል አለባቸው፤ አለዚያ በራሱ ፍሬን የሚይዘው መኪና ያለቦታው ይይዛል፣ ወይም በሚያስፈልግበት ሰዓት አይዝም። የፊት መብራትም አምፖል ቀይሮ መገላገል ቀርቷል። በብዙዎቹ አዳዲስ መኪኖች ሙሉውን መግዛት ግድ ነው፤ ዋጋው ከ1000 ዶላር ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ላይ የአሜሪካ መንግሥት በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ከውጭ በሚገቡ በርካታ መለዋወጫዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለ። ቀረጡን በመጨረሻ ማን እንደሚከፍለው ለአንባቢ መንገር አያሻም።

አበሻ ከአበሻ ሲጋጭ ደግሞ «ተው ወንድሜ፣ ኢንሹራንስ ምን ያደርጋል፣ እንስማማ» ይባላል። 300 ዶላር ተቀብሎ የተለያየው ሰው ጋራዥ ሄዶ ፓራውልቱ ሲፈታ፣ ከሥሩ ራዳሩ የተቀመጠበት ብረት ተጣሞ ያገኘዋል። ያኔ ወንድምየው ስልክ አያነሳም።

ኢንሹራንሱም ቢሆን ጉድ አለው። ዲሲ ውስጥ ሕጉ የሚያስገድደው ዝቅተኛው የንብረት ጉዳት ሽፋን 10 ሺህ ዶላር ነው። ሜሪላንድ 15 ሺህ ይጠይቃል፤ ቨርጂንያ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 25 ሺህ። (ቨርጂንያ እስከ ሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ለስቴቱ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ይፈቅድ ነበር።) የ22 ሺህ ዶላር መኪናችሁን በዲሲ ዝቅተኛ ሽፋን የሚነዳ ሰው ካወደመባችሁ፣ የእርሱ ኢንሹራንስ 10 ሺህ ሰጥቶ ያሰናብታችኋል።

ለኡበር ሾፌሮች ደግሞ የባሰ አለ። ተሳፋሪ ጭነው ወይም ጥሪ ተቀብለው ሲሄዱ ኩባንያው የራሳቸውን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው በግል ኢንሹራንሳቸው ሙሉ ሽፋን ካላቸው ብቻ ነው፤ ያውም የመጀመሪያውን 2500 ዶላር ሾፌሩ ከኪሱ ይከፍላል። አፑን ከፍተው ጥሪ ሲጠብቁ ከተጋጩ ግን ኩባንያው ለራሳቸው መኪና አይከፍልም። የግል ኢንሹራንሱም ብዙ ጊዜ «ሥራ ላይ ነበርክ» ብሎ ይመልሳቸዋል። ለዚህ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን የሚሸጡ ኢንሹራንሶች አሉ፤ ስለ እርሱ የሚጠይቀው ግን አብዛኛው ሰው ከተጋጨ በኋላ ነው። መኪናው ጋራዥ በሚቆምባቸው ሳምንታት የቤት ኪራዩም የመኪናው ወርሃዊ ክፍያም አይቆሙም።

በምርጫ ሰሞን የአካባቢው ተመራጮች ወደ እኛ ምግብ ቤቶች ጎራ እያሉ ክትፎ ይቀምሳሉ። የዲሲው 10 ሺህ ዶላር ለምን አይጨመርም ብሎ የጠየቃቸው ሰው መኖሩን ግን አልሰማንም።